በዕቁብ ገንዘብ የ1972 ኤምጂቢ ልግዛ?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። በርሚንግሃም የምኖር የ46 ዓመት ነርስ ነኝ። ባለፈው ወር ዕቁብ ወጥቶልኝ 10,000 ፓውንድ እጄ ላይ አለ። እዚሁ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራች ኤምጂቢ ጂቲ መኪናቸውን ለሽያጭ አውጥተዋል። ማስታወቂያው ‹በጥሩ ሁኔታ የተያዘች፣ ከ1989 ጀምሮ በአንድ ሰው እጅ ያለች፣ በ2004 ሙሉ እድሳት የተደረገላት፣ ኦቨርድራይቭ ያላት፣ 61,000 ማይል የሄደች፣ ወፍራም የደረሰኝ ፋይል ያላት› ይላል። የጠየቁት 8,750 ፓውንድ ነው። ፎቶዋን ካየሁ ወዲህ ልቤ እሷ ጋ ነው። ባለቤቴ ግን ‹ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ መኪና ልንጦር ነው?› ብሎ ሳቀብኝ፤ ገንዘቡ አዲስ አበባ ለጀመርነው ቤት ማስጨረሻ ይሁን ባይ ነው። የ7 እና የ10 ዓመት ልጆች አሉን። ስለ መኪና ከመንዳት በቀር የማውቀው የለም። ቅዳሜ ላያት ቀጥሬያለሁ። ምኗን ልይ? ዋጋዋስ ነው? ጡረታ ስወጣስ ይዣት አገሬ መግባት እችላለሁ?

ግራ የገባኝ፣ ከበርሚንግሃም»

መልስ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሳ፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። አይችሉም። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በሩ ክፍት የሆነው ለኤሌክትሪክ መኪና ነው። ጡረታ እስኪወጡ ነገሩ ይለወጥ ይሆናል፤ ግን «ይሆናል» ተብሎ መኪና አይገዛም። በዚያ ላይ የዚህች መኪና መሪ በቀኝ በኩል ነው፣ እኛ አገር ደግሞ የሚነዳው በቀኝ መስመር። ስለዚህ የሚገዟት ከሆነ ለዎሪክሻየርና ለኮትስዎልድስ መንገድ ብለው ይግዟት፤ ቦሌን ከሐሳብዎ ያውጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «በጥሩ ሁኔታ የተያዘች» የሚለው አነጋገር ብዙ አያስደስትዎ። ሽማግሌው ዋሽተዋል ማለቴ አይደለም። ሰው መኪናውን በየሳምንቱ እያጠበ፣ ሰም እየቀባ፣ ማታ ማታ እየሸፈነ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሲያኖራት በደንብ እንደያዛት ከልቡ ያምናል። ከሆዷ በታች ያለውን ግን አጎንብሶ ካላየው እሱም አያውቀውም። የዚህች መኪና ጤንነት የሚታወቀው ደግሞ ከሆዷ በታች ነው።

ኤምጂቢ ምን ዓይነት መኪና እንደሆነች ትንሽ ልንገርዎ፣ ሲያዩዋት የሚያዩት ነገር እንዲገባዎ። ትንሽ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናት፤ መጀመሪያ ጣሪያዋ ክፍት ሆና በ1962 ወጣች። የእርስዎ ዓይነቷ፣ ጠንካራ ጣሪያና ወደ ላይ የሚነሳ የኋላ በር ያላት ጂቲ፣ በ1965 ተከተለች። የጣሪያዋ ቅርጽ ላይ ፒኒንፋሪና የሚባለው የጣሊያን የመኪና ንድፍ ቤት እጁን አስገብቷል፤ እርስዎን እንቅልፍ የነሳዎ መስመር የእነሱ ይመስለኛል። የተሠሩት ከኦክስፎርድ በስተ ደቡብ ባለችው በአቢንግደን ሲሆን ፋብሪካው በኦክቶበር 1980 እስኪዘጋ ድረስ ክፍቷም ዝጓም ተደምረው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። ጂቲዋ ብቻዋን ወደ 125,000 ትሆናለች።

ይህን ቁጥር የነገርኩዎ ለወሬ ማዳመቂያ አይደለም። ብርቅ መኪና አይደለችም ማለት ነው። ሻጩ «እንደዚህ ዓይነት አታገኚም» ቢሉዎ ያገኛሉ፤ ቅዳሜ ደስ ካላለችዎ ትተዋት ቢመጡ እስከ ፀደይ ድረስ ሌሎች ለሽያጭ ይወጣሉ። ብዙ መሆኗ ሌላም ጥቅም አለው፦ ከበር እጀታ ጎማ እስከ ሙሉ ሞተር የማይገኝ ዕቃ የላትም ማለት ይቻላል። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የሚባለው ድርጅት ከ1988 ጀምሮ በጥንቶቹ የፋብሪካ ቅርጽ ማውጫዎች አዲስ ባዶ አካል እስከ ማምረት ደርሷል። ባዶ አካል ለምን አስፈለገ ካሉ፣ ሰዎች ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ብረቱ የበሰበሰባቸው መኪኖች ስለተጠራቀሙ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ። ይህች መኪና የተለየ ሻንሲ የላትም። የጭነት መኪና ቢሆን ከታች ወፍራም ተሸካሚ ብረት ይኖረውና አካሉ በላዩ ይጫናል፤ እዚህ ግን ላሜራው ራሱ ተሸካሚ ነው። ከሁሉ የሚበልጠውን ጭነት የሚይዘው ከበሩ ሥር፣ ከፊት ጎማ ጀርባ እስከ ኋላ ጎማ የሚዘልቀው ሳጥን መሰል ብረት ነው። እንግሊዞቹ ሲል ይሉታል፤ እኛም እንደዚያ እንበለው። ከውጭ የሚታየው ላሜራ አንድ ነው፣ ውስጡ ግን ሌሎች ግድግዳዎች አሉት፣ ከሥሩም የሚያጠናክረው ሐዲድ መሰል ብረት አለ። የፊት ጎማ የሚረጨው ጭቃ ከፓራፋንጎው ጀርባ ይጠራቀማል፤ ክረምት ላይ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው አብሮት ይገባል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ብረቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ከውጭ ቀለሙ ሲያብጥ ካዩ ውስጡ ካለቀ ቆይቷል ማለት ነው።

ሲል በደንብ መለወጥ ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም። የውጪው ላሜራ ከፊት ፓራፋንጎው ጀርባ ገብቶ፣ ከኋላም ከጎማው ቅስት ፊት ባለው አካል ሥር ያልፋል። ስለዚህ በሥርዓቱ የሚሠራ በያጅ የፊቱን ፓራፋንጎ ፈትቶ፣ የኋላውን ታች ቆርጦ፣ የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ አውጥቶ ነው አዲሱን የሚያስገባው። በሁለቱም ጎን ሲሠራ በሺዎች ፓውንድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ቀለሙ አለ። ይህ ወጪ የሚያስፈራው ሰው ምን ያደርጋል? ዝገቱን እንዳለ ትቶ አዲስ ላሜራ ከላይ ደርቦ ይበይዳል፣ ስቱኮ ይመርግበታል፣ ያስቀባዋል። ለሦስት አራት ዓመት ያምራል። ቅቤ ስንገዛ ከላይ ያለውን ብቻ ቀምሰን አንሄድም፣ መሃሉን ወግተን እናያለን፤ እዚህም እንደዚያ ነው።

መውጊያው እንዲህ ነው። ከቤት ሲወጡ የፍሪጅ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ይያዙ፣ ቀለም እንዳይጭር። ከበሩ ሥር ጀምረው በሲሉ ርዝመት፣ በኋላ ጎማው ቅስት ዙሪያ፣ በፊት ፓራፋንጎው የታች ጫፍ እያስነኩ ይሂዱ። የሚይዝበት ብረት ነው፤ ድንገት የሚለቅበት ቦታ ካለ ስቱኮ ነው። በእጅዎ አንጓም አንኳኩት፣ የብረትና የስቱኮ ድምፅ ጆሮ ይለየዋል። ቀጥሎ በሩን ይመልከቱ። በበሩና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ነው ወይ? ከዚያ ሽማግሌውን በትህትና ይለምኗቸውና በፋብሪካው የክሪክ ቦታ፣ ሲሉ ሥር፣ ክሪክ አስገብተው አንዱን ጎን ትንሽ ያንሱልዎ። መኪናዋ ተነሥታ ሳለ በሩን ከፍተው ይዝጉ። ያ ክፍተት ከጠበበ ወይም በሩ መንካት ከጀመረ አካሉ እየታጠፈ ነው፤ አመስግነው ወደ ቤትዎ ይሂዱ፣ ከዚያ በኋላ የሚታይ ነገር የለም። «እዚያ ላይ ክሪክ አታስገቢ» ካሉም ያው መልስ ነው።

ክሪኩን ሻጩ ራሳቸው ያስገቡ፣ በክሪክ ብቻ ቆማ ሳለም ማንም ሥሯ አይግባ። ከሥር ለማየት የእጅ ባትሪ ይዘው መሬት ላይ ሆነው ማጎንበስ ይበቃዎታል። ባለቤትዎ አብረው ቢመጡ መልካም ነው፤ የሚጠራጠር ሰው ለዚህ ሥራ ይጠቅማል።

ሲሉ ጤነኛ ከሆነ የቀረው ፍተሻ ቶሎ ያልቃል። ውስጥ ገብተው ምንጣፉን ያንሱ፣ ወለሉን ይጫኑት። ከኋላ መቀመጫው ሥር ያለውን ክዳን ያስከፍቱ፦ በዚያ ዘመን የተሠሩት ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪ እዚያ ውስጥ ነበራቸው፣ ብዙ ሰው በአንድ ባለ 12 ቮልት ተክቶታል። የባትሪ አሲድ የተቀመጠበትን ሳጥን ይበላዋል፤ ሳጥኑ አዲስ ብረት ሆኖ ካገኙት ደስ ይበልዎ። የኋላው ባሌስትራ ከአካሉ ጋር የሚያያዝበትን፣ የኋላ በሩን የታች ጠርዝ፣ የፊት መስታወቱን ዙሪያ ይዩ። ከፊት መብራቶቹ ኋላ የፓራፋንጎው ጫፍ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ካሉ ለዋጋ መቀነሻ ይሆናሉ እንጂ ጥሎ ለመሄድ አያበቁም።

አሁን ፋይሉ። ሰው ሁሉ «ወፍራም ፋይል» ሲባል ይደሰታል፤ እኔ ውፍረቱ ላይ አልቆምም። በ2004 የተደረገው እድሳት ከፎቶ ጋር አለ ወይ? ፎቶው ፓራፋንጎው ተፈትቶ፣ ሲሉ ተቆርጦ፣ ባዶ ብረት ሲታይ ነው ማስረጃ የሚሆነው። ፎቶው ቀለም ሲቀባና ከተቀባች በኋላ ብቻ ከሆነ፣ የተከፈለው ለቀለም ነው። ደግሞ 2004 ድሮ ሆኗል፤ ያኔ የገባው ላሜራም ከሃያ በላይ የእንግሊዝ ክረምት አይቷል። በሰም መሰል ፀረ ዝገት ውስጡ ተረጭቷል ወይ ብለው ይጠይቁ። ከተረጨ ሽማግሌው ነገሩን የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ከትልልቆቹ ደረሰኞች ይልቅ እኔን የሚያስደስቱኝ ትንንሾቹ ናቸው። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ተቀይሯል? የውሃ ቱቦዎች? የፊት እግሯ ኪንግፒን የሚባል ጥንታዊ ማጠፊያ ስላለው በየ3,000 ማይሉ ግራሶ ይፈልጋል፤ በዓመት 500 ማይል ብቻ ለምትነዳ መኪና ቢያንስ በዓመት አንዴ። «ግራሶ የሚያስገቡት ማን ነው?» ብለው ይጠይቋቸው። ከጋራዡ ጥግ ግራሶ መግፊያውን አንሥተው ካሳዩዎ፣ ማስታወቂያው ውስጥ ያልጻፉትን ትልቅ ነገር ነገሩዎ። ጎማውንም ያዩታል፦ በጎኑ ላይ DOT ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2311 ካለ በ2011 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ያ ጎማ ደርቋል፤ አራቱንም ይለውጣሉ፣ ዋጋውንም ከጠየቁት ላይ ይቀንሳሉ።

61,000 ማይል የሚለውን ብዙ አይቁጠሩት። የዚያ ዘመን ቆጣሪ 100,000 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ 161,000 ሊሆንም ይችላል። እውነቱን የሚናገሩት የድሮ የኤም ኦ ቲ፣ ማለትም የዓመታዊው የመኪና ምርመራ፣ ወረቀቶች ናቸው። ከ2005 ወዲህ ያለውን ደግሞ የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ሰሌዳዋን አስገብተው በነጻ ያዩታል፦ መቼ እንደወደቀች፣ በምን እንደወደቀች፣ መርማሪው «ዝገት ጀምሯል» ብሎ የጻፈው ካለ ሳይቀር። ዛሬ ማታ ይዩት፤ ቅዳሜን አይጠብቁ።

ግን ይህ መዝገብ ምናልባት 2018 ላይ ይቆማል። ከዚያ ዓመት ከሜይ ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸውና ብዙ ያልተቀየሩ መኪኖች ከዓመታዊው ምርመራ ነጻ ሆነዋል። ብዙ ሻጮች ይህን እንደ ጥቅም ይነግሩዎታል። ለእኔ ገዢን የሚጎዳ ነገር ነው፤ ማንም የውጭ ሰው ሥሯን ሳያያት ዓመታት ያልፋሉ። ነጻ ናት ማለት ግን መመርመር አትችልም ማለት አይደለም። ሽማግሌውን «ክፍያው በእኔ፣ አዲስ ኤም ኦ ቲ ይሠራላት» ይበሏቸው። ለቤት መኪና ከፍተኛው ክፍያ 54 ፓውንድ ከ85 ፔንስ ነው። በዚህ ገንዘብ አንድ ባለሙያ በሊፍት አንሥቶ ፍሬኗን፣ መሪዋን፣ ብረቷን ያይልዎታል። ከዚህ የረከሰ ምክር እኔም አልሰጥዎትም። እምቢ ካሉ ለምን እምቢ እንዳሉ እርስዎ ያውቁታል።

ስለ ሞተሩ የምለው አጭር ነው፣ ምክንያቱም ቢበላሽ እንኳ የሚሠራው ሞልቷል። 1,798 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ ሁለት ኤስ ዩ ካርቡራቶር፣ ወደ 95 የፈረስ ጉልበት። የዚያ ዘመን ተራ የቤተሰብ መኪኖች ላይም የተገጠመ ሞተር ነው፤ ተንኮል የለበትም። ከሞቀ በኋላ በመንገድ ላይ የዘይት ግፊት መለኪያው 50 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ፣ ቆማ ስትሠራ ከ15 በላይ ያሳይ። ቁልቁለት ላይ እግርዎን ከነዳጅ አንሥተው ቆይተው እንደገና ሲረግጡ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ የቫልቭ ማኅተሞቹ ደክመዋል። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከ2000 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ አይሸጥም፤ ስለዚህ ቴስታታው ለዛሬው ቤንዚን ተስተካክሎ እንደሆነ ፋይሉ ውስጥ ይፈልጉ፣ ካልተስተካከለ ከቤንዚኑ ጋር የሚጨመር ፈሳሽ አለ። ማደያ ሲሄዱ ከ2021 ጀምሮ የመጣውን፣ ኤታኖል የበዛበትን ኢ10 ትተው ውዱን፣ ኢ5 የሚለውን ይቅዱ። ኤታኖሉ የጥንት ቱቦና ማኅተም ይጎዳል።

ኦቨርድራይቩን፣ ማለትም በፍጥነት ሲሄዱ ሞተሩ ዝግ ብሎ እንዲዞር የሚያደርገውን ተጨማሪ ማርሽ፣ ግን ሳይሞክሩ አይመለሱ። አራተኛ ማርሽ ላይ ሆነው ወደ 50 ማይል ሲደርሱ ማብሪያውን ይንኩ፤ የሞተሩ ዙር ወዲያው ዝቅ ማለት አለበት። ከዘገየ ወይም ካልያዘ ዕቃው ውድ ሊሆን ይችላል፣ የገመድ መቆራረጥ ብቻም ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ግን ውድ እንደሆነ ቆጥረው ይደራደሩ። ጥቅሙ ሞተርዌይ ላይ ነው፦ በ70 ማይል ያለ እሱ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 3,900 ይዞራል፣ በእሱ ወደ 3,200። ያለ እሱ ወደ ለንደን ወርደው ሲመለሱ ጆሮዎ ሌላ ሳምንት ይጮኻል። ሁለተኛ ማርሽ ሲያስገቡ ከጮኸ ካምቢዮው ዕድሜውን እየነገረዎ ነው።

ኤሌክትሪኩ ሉካስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሥራ ነው። እንግሊዞች ራሳቸው ሉካስን «የጨለማው ልዑል» እያሉ ይቀልዱበታል። ቀልዱ ትንሽ ግፍ አለበት፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ መብራት የሚጠፋው በአብዛኛው የዛገ መገናኛ ስላለ ነው። ሁሉንም መብራት፣ መጥረጊያውን፣ ጥሩምባውን አብርተው አጥፍተው ይሞክሩ። ቁልፉን ሲያበሩ ከኋላ የሚሰማው ቲክ ቲክ ድምፅ የነዳጅ ፓምፑ ነው፣ አይደንግጡ፤ ትንሽ መትቶ ዝም ማለት አለበት።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ሊብሬው ቪ ፋይቭ ሲ ይባላል። ላዩ ላይ እንደተጻፈው የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም፤ የሚያሳየው የተመዘገበውን ተንከባካቢ ነው። ስለዚህ ዕዳ ወይም የስርቆት ታሪክ እንደሌለባት በጥቂት ፓውንድ የሚያጣሩ አገልግሎቶችን ይጠቀሙ። ሞተሩ አካባቢ ካለው ሰሌዳ ላይ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ፤ የዚያ ዘመን ጂቲ ቁጥሯ በጂ ኤች ዲ 5 ይጀምራል። ቦሎው ዜሮ ፓውንድ ነው፣ 40 ዓመት ስላለፋት። ሆኖም ነጻ ብትሆንም በስምዎ ሳያስመዘግቡ አይንዷት፤ የሻጩ ቦሎ ወደ እርስዎ አይተላለፍም። የሚገርመው፣ እናንተ ከተማ መሃል ከ2021 ጀምሮ ለአሮጌ መኪኖች በቀን 8 ፓውንድ የሚያስከፍለው የንጹሕ አየር ቀጠና ይህችን አይነካትም፤ «ታሪካዊ» ተብላ በመመዝገቧ ታልፋለች። የ2012 ናፍጣ መኪና ይከፍላል፣ የ1972ቷ ዝም ብላ ትገባለች። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።

ወደ ባለቤትዎ ልመለስ። በሁለት ነገር ትክክል ናቸው። አንደኛ፣ ይህች መኪና የአዲስ አበባውን ቤት የምታስጨርስ ሀብት አይደለችም። አንዳንድ ሰው «ዋጋዋ ይጨምራል» እያለ ያጽናናዎታል፤ ማቆያውንና ጥገናውን ቆጥሮ የተናገረ ግን ብዙ አላየሁም። ለትርፍ የሚገዙ ከሆነ አይግዙ። ሁለተኛ፣ ነርስ በጃንዋሪ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ በዚህች መኪና ወደ ሥራ መውጣት የለባትም። የዕለት መኪናዎን አይሽጡ። ይህችን ከኖቬምበር እስከ ማርች፣ መንገዱ ጨው ሳለ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጠው በበጋ ቅዳሜ ያውጧት። ደረቅ ጋራዥ ከሌላችሁና መንገድ ዳር የምታድር ከሆነ ምክሬ ይለወጣል፦ ይተዉት። አካሉ የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን እዚያ አይቆይም።

የተሳሳቱት «ልንጦር ነው» ባሉት ላይ ነው። ለራሷ የማትሆን መኪና አይደለችም፤ ሞተሩ ሰፊ ቦታ ላይ ተቀምጧል፣ ኮምፒውተር የለውም፣ ካንዴላ መቀየርና ዘይት ማፍሰስ እርስዎም በአንድ ከሰዓት ይማሩታል። መፍቻ ከያዙ በኋላ ባለቤትዎም ዝም ብለው ቆመው ማየት ይከብዳቸዋል ብዬ እገምታለሁ።

ልጆቹን በተመለከተ፣ የኋላው መቀመጫ ስሙ ነው እንጂ ጠባብ ነው። የሰባት ዓመቱ ይገባል፣ የአስሩ ከሁለት ዓመት በኋላ ጉልበቱ አገጩን ይነካል። የኋላ የደህንነት ቀበቶ ላይኖራት ይችላል። የጥንት መኪና ስለሆነች ሕጉ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅን ያለ ቀበቶ ከኋላ ማስቀመጥ አይከለክልም፤ እኔ ብሆን ግን ቀበቶ ሳላስገጥም ልጅ አላሳፍርም።

ዋጋውስ? ሲሎቹ እውነተኛ ከሆኑ፣ ኦቨርድራይቩ ከሠራ፣ ክሮም ባምፐር ላላት ጂቲ 8,750 የሚያስደነግጥ ጥያቄ አይደለም። ክሮም ያልኩት አውቄ ነው፦ ከ1974 መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካ ደንብ ስላስገደዳቸው ትልቅ ጥቁር ባምፐር ለጥፈው መኪናዋን ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት በገበያ የሚፈለጉት ትንሽ ያነሰ ነው። የእርስዎ ከዚያ በፊት ናት። ችግሩ ከ10,000 ላይ 8,750 ቢከፍሉ የሚተርፍዎ 1,250 ብቻ መሆኑ ነው። ከጎማ፣ ከኢንሹራንስና ከመጀመሪያው ዓመት ያልታሰበ ጥገና ጋር ያልቃል። እኔ ከ8,000 አልወጣም ነበር። ድርድሩን ግን መርካቶ እንደለመድነው ግማሹን ጠርተው አይጀምሩ፤ እንግሊዛዊው ሽማግሌ ቅር ብሏቸው በሩን ይዘጋሉ። ያዩትን ይንገሯቸው፦ ጎማው የ2011 ነው፣ ፓራፋንጎው ጫፍ ላይ እብጠት አለ፣ ቴስታታው ላይ ደረሰኝ የለም። ከዚያ ዋጋዎን ይናገሩና ዝም ይበሉ። ኢንሹራንሱን ለጥንት መኪና ብቻ ከሚሠሩ ኩባንያዎች «በተስማማንበት ዋጋ» የሚባለውን ይግዙ፤ መኪናዋ ብትጠፋ ኩባንያው እንደ ተራ አሮጌ መኪና ገምቶ 1,000 ፓውንድ እንዳይሰጥዎ።

ሁሉም ነገር ተስማምቶ ከገዟት፣ ጌይደን የሚገኘው የብሪቲሽ ሞተር ሙዚየም ከእናንተ ሩቅ አይደለም። የአቢንግደን ፋብሪካ መዝገብ እዚያ ስላለ፣ ከፍለው የሚያገኙት የምስክር ወረቀት መቼ እንደተሠራች፣ በምን ቀለም እንደወጣች ይነግርዎታል። ለመግዛት አያስፈልግም፤ ከገዙ በኋላ ልጆቹን ይዘው ሄደው ቢጠይቁ ግን ጥሩ እሑድ ይወጣዋል።

የቅዳሜውን ቀጠሮ በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። ዓርብ ማታ ለሽማግሌው ደውለው ሞተሩን ቀድመው እንዳያስነሡ ይለምኗቸው። ሲደርሱ ከሰላምታው ቀጥሎ ኮፈኑን አስከፍተው ሞተሩን ከላይ በእጅዎ ነካ ያድርጉ። ቀዝቃዛ ከሆነ እርስዎ ቆመው ሳሉ ያስነሡልዎ፤ ከሞቀ ግን ለምን ማሞቅ እንዳስፈለጋቸው ይጠይቁና ሲቀዘቅዝ ለማየት ሌላ ቀን ይቅጠሩ።